ባለ ሃምሳው ፊልም

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አንዲት ፎቶግራፍ ተሰቅላ ነበር፤ አባቴና እናቴ በተጋቡ ሰሞን የተነሷት። አባቴ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ እናቴ እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ ቆማለች። የለበሰችው ቀሚስ ግራጫ ነው። እውነተኛው ቀለም ግራጫ እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቃለን፤ ምን እንደነበረ ግን የሚያውቅ የለም። ታላቅ ወንድሜ «አረንጓዴ ነው» ይላል። እኔ «ቀይ ነው» እላለሁ። ሁለታችንም ሳንወለድ የተለበሰ ቀሚስ ነው፣ ሁለታችንም ግን እንምልበታለን። እናቴን ስንጠይቃት «ቀሚስ ነው» ትለንና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

አባቴ ከሞተ ጀምሮ እናቴ ከል እንደለበሰች ነበር የኖረችው። የመጀመሪያው ዓመት ሲሞላ የእድሩ ሴቶች እንደ ወጉ አዲስ ቀሚስ ገዝተው ከሉን ሊያስጥሏት መጡ። አቀፈቻቸው፣ አበላቻቸው፣ ቀሚሱን ተቀብላ ሳጥን ውስጥ ከተተችው፣ ከሉን ግን አላወለቀችም። በሁለተኛው ዓመትም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ሴቶቹ ደከማቸው። ይባስ ብላ በየዓመቱ የአባቴ መታሰቢያ ካለፈ በኋላ ቀሚሷንና ነጠላዋን እንደ አዲስ በጥቁር ቀለም ታስነክራቸዋለች።

የሚነክሩላት ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው ኮልፌ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፣ እሳቸው ደግሞ በጓሯቸው በርሜል ጥደው ለሰፈሩ ሰው ልብስ ይነክራሉ። ሙስሊም ናቸው፣ እኛ የቀራንዮ መድኃኔዓለም ሰዎች ነን፤ እናቴና እሳቸው ግን ልጅ ሲወልዱ እየተራረሱ፣ ሲታመሙ እየተጠያየቁ፣ በአንድ አጥር በሁለት ወገን ያረጁ እህትማማቾች ማለት ናቸው። ሌላ ሰው እናቴን ስለ ከሉ ሲመክራት እሳቸው ዝም ይላሉ። እኔም በዚህ ዝምታቸው ቅር ይለኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሲለምናት እሳቸው በርሜላቸውን ያፈሉላታል ብዬ በልቤ አማቸው ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ መንግሥት ማብቂያ ላይ ነው፤ ማብቂያ መሆኑን ግን ማናችን እናውቅ ነበር? እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ፣ በሰፈራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። አብራኝ ታስተምር የነበረች የውጭ አገር ሴት ወደ አገሯ ስትመለስ ካሜራዋን ትታልኝ ሄደች። ከብረት የተሠራ፣ ከቆዳ ማህደሩ ሲወጣ የሚቀዘቅዝ ከባድ ካሜራ ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም እያጎረስኩ ያላነሳሁት ነገር አልነበረም። በጠዋት ከቀራንዮ ቁልቁል የሚወርደውን ጉም፣ በጉሙ ውስጥ አጣና ተሸክመው ወደ ኮልፌ የሚያዘግሙ አህዮችን፣ ግማሽ አካላቸው ብቻ የሚታይ የባሕር ዛፍ ተርታዎችን። ዛሬም ያን ሰፈር ሳስበው በጉም በኩል ነው የማየው፤ ሰዎቹ ይመጣሉ፣ ፊታቸው ሳይለይ ያልፋሉ።

አንድ ጉድለት ነበረብኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል። በሽታ አይደለም፣ ሲፈጥረኝ ነው። እንግዳ ሲመጣ ሻይ ሳቀርብ ወንድሜ «ግማሹ ለእናንተ ግማሹ ለምንጣፉ ነው» እያለ ያስቅብኛል። ካሜራ ስይዝ ትንፋሼን ውጬ፣ ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ፣ ግድግዳ ካገኘሁ ተደግፌ ነው የማነሳው። ያም ሆኖ ከአሥሩ አራቱ ይደበዝዙብኛል።

ሰባተኛው ዓመት ሲቃረብ ወንድሜ የእድሩን ሴቶች እንደገና ሰብስቦ እናቴ ላይ አዘመተባት። አንድ ሙሉ ከሰዓት ለመኗት። በመጨረሻ እናቴ እጇን አነሳች።

«እሺ» አለች። «ለመታሰቢያው ቀን እለብስላችኋለሁ። ለአንድ ቀን። ማታ ከሌን እመልሳለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም እንዳይጨቀጭቀኝ!»

ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ግን አንድ ቀን የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። እናቴን በቀለም የማያት አንድ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያ ቀሚስ እንደ ግድግዳው ፎቶ ይሆናል፤ እኔና ወንድሜ እየተከራከርን እናረጃለን። ባለ ቀለም ፊልም በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ከኮልፌ ፌርማታ አውቶቡስ ይዤ ፒያሳ ወዳለ ፎቶ ቤት ወረድኩ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መልሰው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሽማግሌ ነበሩ። ሁልጊዜ ከፊታቸው ሻይ አይጠፋም።

«ምን ልታነሺ ነው?» አሉኝ።

«እናቴን።»

«ፀሐይ ላይ ነው ጥላ ውስጥ?»

«ፀሐይ ላይ። ግቢያችን ውስጥ፣ ረፋድ ላይ።»

«መቆሚያ አለሽ? ባለ ሦስት እግር?»

«የለኝም። በእጄ ይዤ ነው።»

ሁለት ትናንሽ ካርቶኖች አወጡና ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። በአንደኛው ላይ ሃምሳ፣ በሌላው ላይ መቶ የሚል ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ ፊልሙ ብርሃን የሚጠጣበት ፍጥነት ነው አሉኝ። መቶው ቶሎ ይጠግባል፤ ካሜራው ብልጭ ብሎ ይዘጋል፣ እጅሽ ቢንቀሳቀስም አይታወቅብሽም። ሃምሳው ቀስ እያለ ነው የሚጠጣው፤ ፀሐይ ካላገኘ ብዙ ያስጠብቅሻል፣ እየጠበቀም የእጅሽን እንቅስቃሴ ሁሉ ይመዘግባል።

«እንግዲያው መቶው ይሻላል ማለት ነው» አልኩ።

«ቆይ» አሉና ከመሳቢያ ሁለት ፎቶዎች አወጡ። ሁለቱም ላይ አንዲት ሴት ናት፣ ወንበሩም ያው፣ መስኮቱም ያው። በመቶው የተነሳችው ፊቷ አመድ የነካው ይመስላል። በሃምሳው የተነሳችው ግን ፊቷ የራሷ ፊት ነው፤ ጉንጯ ላይ ሙቀት አለ፣ የምትተነፍስ ትመስላለች።

«መቶውን የቀመሙት ሰዎች የሐበሻ ፊት አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም» አሉ ሽማግሌው። «ሃምሳው ግን የኛን ሰው ያውቃል። ስለዚህ ምርጫው በፊትና በእጅ መካከል ነው። እስቲ እጅሽን ልየው።»

ሻያቸውን ከነማስቀመጫው ወደ እኔ ገፉት። ለካ ደንበኛ ሁሉ ባለ ቀለም ፊልም ከመግዛቱ በፊት በዚያ ሻይ ይፈተናል። ብርጭቆውን ከነማስቀመጫው በአንድ እጄ ከፍ አድርጌ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ እስከ አሥር እንድቆጥር ነገሩኝ። አራት ላይ ስደርስ ብርጭቆው መንቀጭቀጭ ጀመረ። ስድስት ላይ ሻዩ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ።

«መቶውን ውሰጂ ልጄ» አሉኝ በርኅራኄ።

ርኅራኄያቸው አናደደኝ። ስናደድ ደግሞ ጆሮ የለኝም። «ፀሐይ ላይ ነው ያልኩዎት እኮ አባባ! ግቢያችንን በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ሃምሳውን ውሰጂ። ግን አንድ ነገር ስሚኝ፣ የመጀመሪያዋን ፎቶ ደህና ፀሐይ ላይ፣ ያልቸኮለ ነገር አንሺባት። ሌላው ቢበላሽ ጥፋቱ የፊልሙ ነው ወይስ የሌላ የሚለውን በእሷ እናውቃለን።»

የሌላ ያሉት እኔን መሆኑ ገብቶኛል። ሃያ ፎቶ የሚያነሳውን ባለ ሃምሳ ፊልም ቦርሳዬ ከትቼ ወጣሁ።

ያ ሳምንት እስከ ዛሬ እንደ ሕልም ነው የሚታየኝ። ጠዋት ጠዋት ከክፍል በፊት፣ ክፍል በሌለኝ ቀን ደግሞ ረፋዱን ሙሉ፣ ግቢያችን መሃል ቆሜ ፀሐይ እጠብቃለሁ። ወሩ ኅዳር ነው፣ ሰማዩ የታጠበ ሳህን ይመስላል። አራት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ከጎረቤታችን ቆርቆሮ በላይ ትወጣና ከኮኩ ዛፍ ሥር እስከ ደጃፋችን ድረስ ያለውን ግቢ ትሞላዋለች። እናቴ የምትቆምበትን ቦታ መሬቱ ላይ በጠመኔ ከበብኩት። ዶሮዎቹ እየረገጡ ያጠፉታል፣ እኔ መልሼ እከበዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ቀለም የለበሰች እናቴን እዚያ ክብ ውስጥ አቆማታለሁ። ቀሚሱ አንዳንዴ ቀይ ነው፣ አንዳንዴ ወንድሜን ላለማስቀየም አረንጓዴ።

ሐሙስ ዕለት የሽማግሌውን ምክር ፈጸምኩ። እናቴ ለመታሰቢያው የሚሆን ስንዴ ሰፌድ ላይ አድርጋ ከኮኩ ዛፍ ፊት ለፊት ትለቅማለች፣ ጥቁሯ ዶሯችን የሚወድቀውን ፍሬ እየጠበቀች እግሯ ሥር ቆማለች። ፀሐይዋ ልክ ነበረች። ከአጥሩ ግንድ ተደግፌ፣ ትንፋሼን ውጬ ተጫንኩ። ካሜራው ቀጭ ብሎ ዘጋ። እናቴ ቀና እንኳ አላለችም።

ቅዳሜ ሌሊቱ እንደነጋ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቅዳሴ አልቆ፣ ፍትሐቱ ተፈትቶ፣ ካሜራዬን ከነጠላዬ ሥር አቅፌ ከሁሉ ቀድሜ ወደ ቤት ሮጥኩ። በሩን ስከፍት ክው አልኩ። ግቢያችን የለም። ከኮኩ ዛፍ እስከ ደጃፋችን ድረስ የእድሩ ዳስ ተተክሏል፣ ወፍራም ጥቁር አረንጓዴ ሸራ ሰማዩን ሸፍኖታል። ከሥሩ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። በጠመኔ የከበብኩት ቦታ ላይ የጠላ ጋን ተቀምጧል።

ዳሱን ከእድሩ ግምጃ ቤት እንዲያወጡልን ረቡዕ ዕለት ሄጄ የተናገርኩት ራሴ ነኝ። ካህናት የሚበሉበት፣ መንደሩ የሚሰበሰብበት ቀን ያለ ዳስ እንደማይሆን የኮልፌ ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ በባዶ ግቢ ውስጥ እናቴን ብቻዋን አቁሜ ሳልም፣ ያ ቀን በባዶ ግቢ የማይውል መሆኑን ረሳሁት። ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ባለኝ።

«አንዱን ጎን አንሡልኝ» ብዬ ወንድሜን ለመንኩት።

«ቄሶቹን ፀሐይ ላስመታልሽ?» አለኝ።

ጎረቤታችን የታጠፈ ጨርቅ በነጠላቸው ሸፍነው ገቡና ከእናቴ ጋር ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ሴቶቹ ዳሱ ውስጥ ቆመው ጠበቁ። በሩ ሲከፈት እናቴ ብርቱካናማ ቀሚስ ለብሳ ደፉ ላይ ቆማለች።

ቀይ አይደለም፣ አረንጓዴም አይደለም። የበሰለ ብርቱካን ልጣጭ ቀለም ነው። ፊቷ የማላውቀው ፊት ሆነብኝ፤ ወጣት፣ ያፈረች፣ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው የጠፋት ሴት። ጎረቤታችን ወደ ግድግዳው ፎቶ በአገጫቸው አመለከቱንና «ያኔም ይኸው ቀለም ነበር» አሉን፤ «የሸጠላት ባሌ ነው፣ እኔም አብሬ ነበርኩ።» ወንድሜና እኔ ተያየን። ስንት ዓመት በከንቱ ተማምለናል።

«እማዬ፣ እባክሽ ደጅ ውጪ፣ መንገዱ ላይ ፀሐይ አለ» አልኳት።

«እዚህ መሆኔም አንሶ መንገድ ላይ? ተይኝ ልጄ» አለችኝ፣ ከደፉ አንዲት እርምጃ አልፋ አልወጣችም።

በዚያ በሸራው ጨለማ ማንሳት ነበረብኝ። መጫኛውን ስነካው ካሜራው ተከፍቶ እስኪዘጋ አንድ ሙሉ ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ ያልፋል፤ በዚያ ትንፋሽ ውስጥ እጄ ያሻውን ይሆናል። የዳሱን ምሰሶ ተደግፌ ሞከርኩ፣ አግዳሚው ላይ ተንበርክኬ ሞከርኩ። እንባዬ እየመጣ ይበልጥ አንቀጠቀጠኝ። አሥራ ዘጠኙንም ጨረስኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ እናቴ ጓዳ ገብታ ከሏን ለብሳ ወጣች፣ ብርቱካናማው ቀሚስ ሳጥን ውስጥ ገባ። ቃሏ ቃል ነው።

ያን ጊዜ ባለ ቀለም ፊልም እዚህ አይታጠብም ነበር። ሽማግሌው ከሌሎች ሰዎች ፊልም ጋር አጠራቅመው ወደ ውጭ ይልካሉ። ሳምንታት አለፉ። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ፣ ፊልሜ በማላውቀው አገር በማላውቀው ሰው እጅ ላይ፣ እናቴ በጨለማ ክፍል ውስጥ ከውኃ ስትወጣ ትታየኛለች። እናቴ ደግሞ የዓመቱን ንክር ትጠብቃለች። ጎረቤታችን ግን «ቀለሙ ገና ከመርካቶ አልመጣም» ይሏታል። በሚቀጥለው ሳምንትም «አልመጣም»። እሷም «መቼስ ይመጣል» ብላ ትተዋለች።

ፎቶዎቹ የመጡ ዕለት ሽማግሌው ፖስታውን ሲሰጡኝ ሻይ አዘዙልኝ፤ በሁለት እጄ እንድይዘው ነገሩኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ኮልፌ ፌርማታ ወርጄ፣ አንድ አጣና ክምር ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ አየኋቸው። ብርቱካናማ ጭስ ነበር። በጭሱ መሃል አንዳንዴ ግንባር የሚመስል ነገር አለ፣ አንዳንዴ እጅ የሚመስል። አንዷ ላይ እናቴ ሦስት ሆናለች። ቀለሙማ እንዴት ያምር ነበር! ሽማግሌው አልዋሹኝም። ፊቷ ብቻ ነው የሌለው። እዚያው ክምሩ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ቤት ስደርስ እናቴና ጎረቤታችን ሳሎን ተቀምጠው ነበር። ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ በተንኳቸው። እናቴ አንዷን አንስታ ወደ መስኮቱ ዞር አደረገቻት። «ቀለሙ ደርሷል» አለችኝ ልታጽናናኝ። ከዚያ በመጨረሻዋ ላይ እጇ ቆመ። የሐሙሷ ፎቶ ናት። ከሁሉም እሷ ብቻ ጥርት ብላለች፤ ሰፌዱ ላይ ያለው ስንዴ ፍሬው ይቆጠራል።

«ይቺ ማን ናት?» አለች።

«አንቺ ነሽ እማዬ። ስንዴ ስትለቅሚ።»

«ቀሚሱስ የማን ነው?»

ቀረብ ብዬ አየሁት። ፎቶውን ሳነሳው ጥቁር ለብሳ ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን ጥቁር አልለበሰችም። ቀሚሷ ወይን ጠጅ ነው፣ ትከሻዋ ላይ ወደ ቀይ ቡናማ ሄዷል። ጥቁር የሆነው የእጅጌዋ እጥፋት ውስጥ ያለው ቀጭን መስመር ብቻ ነው።

«ፊልሙ ተበላሽቷል» አለች እናቴ።

«አልተበላሸም» አልኳት። ጣቴን እግሯ ሥር ያለችው ዶሮ ላይ አደረግኩ። ዶሮዋ ጥቁር ነበረች፤ እንደ ከሰል ጥቁር።

እናቴ ተነሳች። ደጅ ወጥታ ፀሐይ ላይ ቆመችና የለበሰችውን ቀሚስ ጫፍ በአንድ እጇ፣ ፎቶውን በሌላው ይዛ ሁለቱን አስተያየቻቸው። በየቀኑ ስናየው ዓይናችን ለምዶት ጥቁር ነው ብለን ያለፍነው ልብስ ነው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ጎረቤታችን ዞረች። ጎረቤታችን ደፉ ላይ ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር።

«አንቺ» አለቻቸው እናቴ። «ምን አድርገሽብኝ ነው?»

ጎረቤታችን ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «ቀለሙን እቀንሰዋለሁ» አሉ። «የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት ሙሉውን ነከርኩልሽ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከበርሜሉ ትንሽ ትንሽ እያስቀረሁ ነው። ቀስ ብሎ ቢተውሽ አይታወቅሽም ብዬ።»

«አምስት ዓመት?»

«አምስት ዓመት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሌላ ሰው ጋ ታስነክሪው ነበራ!»

በልቤ ሳማቸው የኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ፊቴ ላይ መጡብኝ፣ አፈርኩ። እናቴ ፎቶዋን እንደያዘች ቆማለች። ትቆጣለች ብዬ ፈራሁ። አገጯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እጄን ከማን እንደወረስኩት ያን ጊዜ ገባኝ።

«ዘንድሮስ?» አለች። «ቀለም አልመጣም የምትይኝ፣ ዘንድሮ ምን ልትነክሪኝ ነበር?»

«ዘንድሮ» አሉ ጎረቤታችን፣ «ባዶ ውኃ አፍልቼ ልጠብቅሽ ነበር።»

እናቴ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ አፏን ከፍታ፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ይዛ ሳቀች፤ እንባዋ በወይን ጠጁ ቀሚሷ ላይ እየወረደ። ጎረቤታችንም ከደፉ ወርደው ትከሻዋን ይዘው አብረው እየሳቁ ያለቅሱ ጀመር። ፀሐይዋ ከኮኩ ዛፍ እስከ ደጃፋችን ግቢውን ሞልታዋለች፤ ሸራ የለም፣ ጋን የለም፣ ሁለቱም የቆሙት ያኔ በጠመኔ በከበብኩት ቦታ ላይ ነው። ሮጬ ገብቼ ካሜራውን አመጣሁት፣ ዓይኔ ላይ ደገንኩት፣ ከዚያ ባዶ መሆኑ ትዝ አለኝና አወረድኩት።

እናቴ ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አለችኝ። «ግቢና ሳጥኑን ክፈቺልኝ።»